«ድነሃል?» የሚለው ጥያቄ ወሎ ቤት ሲገባ

ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ የሚከፍት ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። ሁለት ወጣቶች ስክሪኑን እኩል ተካፍለው ይቀርባሉ። አንዱ «ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው» ይላል። ሌላው «ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ኤፌሶንን ያነባል፣ ሌላው ያዕቆብን። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም። ከታች የሚጻፈው አስተያየት ደግሞ ይብሳል፤ «መናፍቅ»፣ «ያልዳነ»፣ «ጣዖት አምላኪ»።

ሌላ አገር ይህ ክርክር ስልክ ላይ ተጀምሮ ስልክ ላይ ያልቃል ይሆናል። ወሎ ውስጥ ግን እራት ላይ ይቀርባል። እናት ሰንበቴና ማኅበር የማታጓድል ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጌታን የተቀበለ፣ አጎት አምስት ወቅት ሶላቱን ጠብቆ የሚሰግድ ሙስሊም የሆኑበት ቤት ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ብርቅ አይደለም። ልጅየው «እማ፣ ድነሻል?» ይላታል። እሷ የምትሰማው «ዕድሜ ልክሽን የጾምሽው ጾም ከንቱ ነው» የሚል ነው። እሷ ደግሞ «ልጄ፣ ሥራህን አሳምር» ትለዋለች። እሱ የሚሰማው «ክርስቶስ የሞተው አይበቃም» የሚል ነው። ሁለቱም ያልተባለውን ሰምተው ይቀየማሉ።

እኔ እንደማየው የዚህ ጠብ ትልቁ ክፍል ማንም ባላስተማረው ትምህርት ላይ የሚደረግ ነው። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ድኅነት በሥራ ይገዛል ብላ አታስተምርም። ወንጌላውያንም ካመንክ በኋላ እንደፈለግህ ኑር አይሉም። እውነተኛ ልዩነት አለ፤ እመጣበታለሁ። ግን ሰዎች የሚጣሉበት ቦታ እዚያ አይደለም።

መጀመሪያ የሚጠቀሱትን ጥቅሶች እንያቸው። ኤፌሶን 2፥8-9 «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» ይላል። ከዚህ በላይ ግልጽ ቃል አይገኝም። ግን ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 9 ላይ ያበቃል። ቁጥር 10 ወዲያው «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» ብሎ ይቀጥላል። ጳውሎስ በአንድ ትንፋሽ የተናገረውን ለሁለት ቆርጠን ነው የምንካፈለው።

ያዕቆብ ደግሞ በምዕራፍ 2 ቁጥር 24 «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ይላል። ይህም ግልጽ ነው። ታዲያ ይጋጫሉ?

ሁለቱም ምስክር አድርገው የሚጠሩት አንድ ሰው መሆኑን ልብ በሉ፤ አብርሃምን ነው። ጳውሎስ በሮሜ 4 ላይ የሚያነሳው ዘፍጥረት 15ን ነው። አብርሃም ልጅ የለውም፣ አርጅቷል፣ እግዚአብሔር ከዋክብቱን አሳይቶ ዘርህ እንዲህ ይሆናል ይለዋል። አመነ፤ ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። በዚያ ሰዓት ለእግዚአብሔር ያቀረበው ሥራ አልነበረም። ያዕቆብ የሚያነሳው ግን ዘፍጥረት 22ን ነው። ይስሐቅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ እንጨት መሸከም የሚችል ልጅ ሆኗል። አባቱ ቢላዋ ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል። በሁለቱ ምዕራፎች መካከል ብዙ ዓመታት አሉ። ያው ሰው፣ ያው እምነት ነው። ጳውሎስ የእምነቱን መጀመሪያ ያያል፣ ያዕቆብ የደረሰበትን።

የሚከራከሯቸው ሰዎችም አንድ አይደሉም። ጳውሎስ የሚሟገተው ከአሕዛብ ወገን ያመኑትን «ካልተገረዛችሁ ሙሉ አይደላችሁም» ከሚሉት ጋር ነው። በዚያ ሳያበቃ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል፤ ለሠራተኛ ደመወዝ ዕዳ ነው፣ እግዚአብሔር ግን የማንም ዕዳ የለበትም ይላል። ያዕቆብ የሚገሥጸው ሌላ ሰው ነው። ወንድሙ ወይም እኅቱ ታርዘው፣ የዕለት ጉርስ አጥተው ደጁ ይቆማሉ። እሱ «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ይሸኛቸዋል። ለሰውነታቸው የሚያስፈልገውን ግን አይሰጥም። ይህ ሰው አማኝ ነኝ ይላል። ያዕቆብ ደግሞ አጋንንትም ያምናሉ፣ ይንቀጠቀጡማል ይለዋል። ጳውሎስም ቢሆን ለዚህ ሰው ሌላ መልስ አይኖረውም። በገላትያ 5፥6 የሚጠቅመው «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ነው ያለው እሱ ራሱ ነው።

«በእምነት ብቻ» የሚለው መፈክር የተወለደው እኛ አገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1517 ማርቲን ሉተር ጀርመን ውስጥ ሲነሳ የነበረው ጉዳይ የታወቀ ነው። የሮም ቤተ ክርስቲያን የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት በገንዘብ ታስሸጥ ነበር። ሉተር በዚህ ላይ ጮኸ፤ መጮኹም ተገቢ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1547 በትሬንት ጉባኤ የሉተርን ትምህርት አውግዛ መለሰች። ሉተር በተነሳበት ዘመን እኛ አገር ላይ የነገሠው ልብነ ድንግል ነበር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ሙግት ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። ዛሬ ለሮም የተጻፈውን ክስ እንዳለ አንሥቶ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በር ላይ መለጠፍ ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው።

እንዲያውም ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ የቤተ ክርስቲያን ሰው ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል። ቋንቋ ቢያስቸግራቸውም ተግባብተዋል። በመጨረሻ ሉተር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለት ነው የተለያዩት። ዛሬ ደሴ ፒያሳ ላይ ሰላም የማይባባሉ የሁለቱ ወገን ልጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

አውሮፓም ቢሆን እዚያው አልቆየም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጀርመን፣ አውግስበርግ ከተማ ላይ ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን ነው፤ በራሱ ብቃት አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስም ልቡን አድሶ ለመልካም ሥራ ያስታጥቀዋል የሚል ሐሳብ ነው የተስማሙበት። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የዚሁ ፌዴሬሽን አባል ናት። ስለዚህ «በእምነት ብቻ» እያለ ቲክቶክ ላይ የሚጮህ የመካነ ኢየሱስ ልጅ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ያለችበት ኅብረት ከሮም ጋር ስለዚህ ጉዳይ ቁጭ ብሎ እንደተነጋገረ ቢያውቅ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

አሁን ወደ ኦርቶዶክሱ ቤት ልግባ። «እነሱ በሥራቸው ነው የሚመኩት» የሚለው ክስ ቅዳሴ ቆሞ ላየ ሰው አይገጥምም። ቅዳሴው ከዳር እስከ ዳር ልመና ነው። ምእመኑ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል። ጣቱን እያጠፈ፣ መቁጠሪያውን እየያዘ ማረን ይላል። ይህን ያህል ጾሜያለሁና ክፈለኝ የሚል ጸሎት እዚያ ውስጥ የለም።

የስቅለት ዕለት ደግሞ አስቡት። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ይውላል፤ ላቡ ይንቆረቆራል፣ ጉልበቱ ይዝላል። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። በዚያው ቀን ግን የሚዜመው «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» ነው፤ አቤቱ በመንግሥትህ አስበን። የማን ቃል ነው? በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ቃል ነው። አልጾመም፣ አልመጸወተም፣ አልሰገደም። እጁ በምስማር ተይዟል፤ ቢፈልግም ምንም መሥራት አይችልም። ሲሰግድ የዋለ ሕዝብ በድካሙ መሐል የሚያነሳው ልመና ምንም ያልሠራውን ሰው ልመና ነው። ለእኔ ስለ ጸጋ ከዚህ የበለጠ ስብከት የለም። ይህንን ሥርዓት ያቆየችውን ቤተ ክርስቲያን ጸጋን አታውቅም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የበላዔ ሰብእም ታሪክ በዚህ ክርክር ውስጥ ሳይነሳ አይቀርም። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ ይተረካል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በውሃ ጥም የተቃጠለ በሽተኛ ያገኛል። በሽተኛው በእመቤታችን ስም ይለምነዋል፤ ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። በላዔ ሰብእ ሲሞት ነፍሱ በሚዛን ትቀርባለች፤ ያቺ ጥርኝ ውሃ መዘነች። ወንጌላውያን «ይኸው፣ በሥራ መዳን ማለት ይህ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ታሪኩ ሥራን የሚቆጥር ሰው የሚናገረው ታሪክ አይመስለኝም። ሥራ በሥራ ቢመዘንማ ሰባ ስምንት ሬሳ ከጥርኝ ውሃ ጋር እኩል አይቆምም። ሚዛኑን ያጋደለው ምሕረት ነው። ወንጌላውያኑ «ምሕረቱ ለምን በእመቤታችን ስም ተለመነ?» ቢሉ ግን እሱ ትክክለኛ የልዩነት ነጥብ ነው። ስለ ቅዱሳን ምልጃ የሚደረግ ሌላ ውይይት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ግን አያስፈልግም።

ለወንጌላውያኑም ፍትሕ ይገባል። «ካመንክ በቃ፣ እንደፈለግህ ሁን» ይላሉ የሚለው ወሬ ስም ማጥፋት ነው። ጌታን ተቀበልኩ ካለ በኋላ መጠጡን የተወ፣ ቤቱን የሰበሰበ፣ የሰረቀውን የመለሰ ስንት ሰው አለ። «አንዴ ከዳንኩ ምንም ብሠራ አልጠፋም» የሚለውንም ሁሉም አያስተምሩም። ሉተራኖቹም ብዙዎቹ ጴንጤቆስጣውያንም ሰው ካመነ በኋላ ሊወድቅ ይችላል ብለው ያስጠነቅቃሉ። የልጁ ደስታም ሊገባን ይገባል። ዕድሜውን ሙሉ «እግዚአብሔር ይቆጣሃል» ሲባል ያደገ ልጅ፣ እግዚአብሔር እንደሚወደው የሰማ ቀን ሌሊቱን ያለቅሳል። ያንን መናቅ አይገባም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። በእምነት ብቻ ነው የምንድነው ከሚሉት መሐል «የበረከት ዘር ዝሩ» እያሉ ከድሃ እጅ ገንዘብ የሚሰበስቡ ነቢያት ተነስተዋል። ዘሩን ካልዘራህ ፈውሱም ሥራውም ጋብቻውም አይመጣም ይሉታል። ሉተር የጮኸበት ገበያ ይኸው ነው፤ በእሱ ልጆች ቤት ተከፍቷል። ሐቀኛ የወንጌላውያን መጋቢዎች ይህንን በይፋ ሲቃወሙ እሰማለሁ። ድምፃቸው ይበርታ።

እውነተኛው ልዩነት የት ነው? በአመዛኙ ጊዜውና መንገዱ ላይ ነው። ወንጌላዊው «ድኛለሁ» ይላል። አምኖ የተቀበለባት ቀን አለችው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ የዚያ ፍሬ ነው። ኦርቶዶክሱ ክርስቶስ አድኖኛል ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው እስክጸና ድረስ በራሴ አልፈርድም ብሎ ይፈራል። ለእሱ ድኅነት ከጥምቀት ይጀምራል፣ በንስሐ ይታደሳል፣ በሥጋ ወደሙ ይመገባል። መንገዱ በምሥጢራት ነው፤ ብቻውን አይጓዝም፣ ቅዱሳን አብረውት አሉ። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በአንድ ማታ ላይቭ አይፈታም። ነገር ግን «ጸጋ» እና «ሥራ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ለአንድ ወገን መስጠት ልዩነቱን አይገልጸውም።

ወሎ ይህን ጉዳይ ከሌላው አገር በተለየ ማወቅ አለበት። ከደሴ አለፍ ብሎ ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና ምኒልክ በተገኙበት ትልቅ የሃይማኖት ጉባኤ ተደርጓል። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ልደት ነበር፤ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው ወገን ተረታ። አልመለስም ያሉት ተቀጡ። ከዚያ ትእዛዙ ወደ ወሎ ሙስሊሞች ዞረ፤ ተጠመቁ ተባሉ። የወሎው ገዢ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባለ። አንዳንዱ ከልቡ ገባ፤ አንዳንዱ ሸፈተ፣ ተሰደደ። ብዙው ግን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ማተብ አስሮ ቤቱ ገብቶ ይሰግዳል።

ይህ ታሪክ ለዛሬው ክርክር ብዙ የሚለው አለው። ንጉሥ ሥራን ማዘዝ ይችላል። ማተብ እሰር፣ ጹም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳም ሊል ይችላል። እምነትን ግን ማዘዝ አይችልም። አያቶቻችን ያለ እምነት የሚሠራ ሥራ ምን እንደሚመስል በራሳቸው ሰውነት አይተውታል። ስለዚህ ወሎዬ ኦርቶዶክስ «እምነት ይቀድማል» የሚለውን ቃል እንደ ባዕድ ሊሰማው አይገባም። «አሁኑኑ ተቀበል፣ ድገመው፣ በል ድነሃል» ብሎ ሰውን በአፉ የሚያጣድፍ ወንጌላዊም ያንን ታሪክ ቢያስብ ጥሩ ነው። የአፍ ቃልም ሊታዘዝ ይችላል።

ሙስሊሙ አጎትስ? ብዙ ጊዜ ሲከራከሩ ሰምቶ ዝም ይላል። አንዳንዴ ግን «ሥራ የማያስፈልግ ከሆነ ታዲያ ሌባና ደግ ሰው በምን ይለያል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን በሱም ቤት ነገሩ ቀላል አይደለም። ነቢዩ ማንም በሥራው ብቻ ጀነት አይገባም ማለታቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እርስዎም ጭምር? ሲባሉ፣ እኔም ጭምር፣ አላህ በእዝነቱ ካልሸፈነኝ ብለዋል። ሃይማኖቶቹ አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ አይደሉም። ምሕረትን መለመን ግን በዚያ ማዕድ ላይ የተቀመጡት ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። ጨዋታው ከዚያ ቢጀምር ማንም አይቀየምም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ተዝካር ነው። ክርክሩ ሥጋ ለብሶ የሚገኘው እዚያ ነው።

አባወራው ሞተ እንበል። አርባው ደረሰ። ጠላ ይጠመቃል፣ በሬ ይገዛል። ሙስሊም ዘመድና ጎረቤት ስለሚመጣ ለብቻው በግ ይቀርብለታል፤ በራሱ ሰው፣ በራሱ ቢላዋ ይታረዳል፣ በሌላ ድስት ይሠራል። ይህ የወሎ ወግ ነው፤ የምኮራበትም ነው። ግን ወጪው የማን ነው? ሚስትየው ተበድራለች፣ ወይም መሬቷን ለዓመታት አከራይታለች። የፈራችው የሰው አፍ ብቻ አይደለም። «ባልሽ ሳይዘከር እንዴት ያርፋል?» ተብላለች። የባሏ ነፍስ በእሷ ኪስ ላይ የተንጠለጠለች መስሏታል።

ይህንን ቤተ ክርስቲያኒቱ አላስተማረችም። ጸሎተ ፍትሐት አለ፣ ለሞተው መጸለይና በስሙ ድሃ ማብላት አለ። በሬ ካልታረደ ነፍስ አያርፍም የሚል ሥርዓት ግን የለም። መምህራኑ ራሳቸው ለጥጋበኛ ድግስ ከመደገስ ለተራበ መስጠት እንደሚሻል በዐውደ ምሕረት ይናገራሉ። ችግሩ ይህ ስብከት አርባው ሲደርስ ቤት ድረስ አይመጣም። የንስሐ አባት ገብተው «ልጄ፣ ሠርክ ጸልዪ፣ የቻልሽውን ቆሎና ዳቦ ለነዳያን ስጪ፣ ይበቃል» ቢሏት ቤቱ ይተርፋል። ይህን ቃል ከእሳቸው ሌላ ከማንም ብትሰማው አታምነውም።

ወንጌላዊው ልጅም እዚህ ላይ ይሳሳታል። እናቱ ማቅ ለብሳ ባለችበት ሳምንት «ተዝካር ከንቱ ነው፣ አባባ ካልዳነ አልቆለታል» ይላል። እውነት ተናግሬያለሁ ብሎ ያስባል። ያዕቆብ ከጠቀሳቸው፣ ደጅ ላይ ከቆሙት ችግረኞች እንደ አንዷ ግን አላያትም። ወንድሞቹን ይዞ ዕዳውን ቢከፍል፣ ወይም አስቀድሞ «እማ፣ ድሆቹን እኔ አበላልሻለሁ» ቢላት በፍቅር የሚሠራ እምነት የቱ እንደሆነ ሳይሰብክ ያሳያት ነበር።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ከራያ ቆቦና ከወልድያ የሸሸው ሕዝብ ደሴ ገብቶ ትምህርት ቤቶቹን ሞላ። የከተማው ሰው እንጀራና ብርድ ልብስ ይዞ ወጣ። ማንም የመጣውን ሰው «ድነሃል?» ብሎ አልጠየቀም። ማቴዎስ 25 ላይ በቀኝ የቆሙት «መቼ ተርበህ አይተን አበላንህ?» ብለው ይደነቃሉ፤ የሠሩትን አልቆጠሩትም። የደሴ እናቶችም አልቆጠሩትም። ብዙዎቹ ከወራት በኋላ ራሳቸው ተፈናቃይ ሆነዋል።

ለተዝካሩ ዕዳ ግን አሁን መደረግ የሚችል ነገር አለ። በየሰፈሩ እድር አለ፤ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባል ነው። እድሩ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምር ይችላል፦ ለአርባና ለሙት ዓመት ማንም አባል ተበድሮ እንዳይደግስ፣ ያላት የቻለችውን ለድሃ እንድትሰጥ፣ የሌላትን ማንም እንዳይጠይቃት። ካህናቱ ይባርኩት፣ ሽማግሌዎቹና ሼሆቹ ይፈርሙበት። ውሳኔው ለሰደቃውም ያገለግላል።